ከአልበሙ የተቆረጠው አሜን

ሰኞ

እማዬ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ አልናገርም አለች።

«ምነው?» ስላት «ማን አሜን ሊለኝ ነው?» አለችኝ።

ሳልረሳው ከሥሩ ልጻፈው። የአልበሜ ትራኮች ሁሉ አልቀዋል፤ የቀረን መግቢያው ብቻ ነበር። ድምፄን የሚቀዳውና ቢቱን የሚሠራው ሳሚ «አንቺ በር በርግደሽ ከምትገቢ ሰው ያስገባሽ። እናትሽ ይመርቁሽ፣ ከዚያ ቢቱ ይከተል» ሲለኝ ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። አሁንም ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል። እማዬ ግን ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጴንጤ ሆኛለሁ፤ አልበሙ ደግሞ የክርስቲያን ራፕ ነው። ሦስቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስንከታቸው ምን እንደሚፈጠር ማናችንም አላሰብንም።

የሳሚ ስቱዲዮ ውቤ በረሃ፣ አንድ ያረጀ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሥሩ መጠጥ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ዝግ ስለሚሆን የምንቀዳው ያኔ ነው። እማዬ የመጠጥ ቤቱን ታፔላ አይታ አማተበችና ደረጃውን ወጣች። ላይ ስትደርስ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ተለጥፎበት አየች።

«ፍራሻቸውን ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለምንድን ነው?»

«ድምፅ ተኝቶ እንዲያድር ነው እማማ» አላት ሳሚ። ወዲያው ወደደችው።

ሄድፎኑ ሻሿ ላይ አልቀመጥ ስላለ ተውነው። ብቻዋን ወደ መቅጃው ክፍል ገባች፤ እኔና ሳሚ ከመስታወቱ ወዲህ ሆንን። «መንገድሽን ያቅናልሽ» አለችና ዝም አለች። ሳሚ በእጁ ይቀጥሉ ይላታል። ዝም። ደግሞ በእጁ ይላታል። በመጨረሻ የአሜኑ ጥያቄ መጣ።

«አሜን ያልተባለ ምርቃት ሜዳ ላይ ይቀራል» አለች። «እዚህ ሣጥን ውስጥ ብቻዬን ሳወራ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

እኔም ገብቼ አጠገቧ ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አሜን። ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ። አሜን። የተናገርሽው ይሰማልሽ። አሜን። እመቤቴ በኪዳኗ ትጠብቅሽ። አሜን። ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። አሜን። ይህን የመጨረሻውን አጋጣሚ አግኝታ ነው የጨመረችው፤ ዐውቃታለሁ።

ሳሚ «በቃ፣ ይሄ አይደገምም» አለ።

የእመቤቴን አሜን ስል ልብ አላልኩትም። ልብ ያልኩት ማታ ራት ስንበላ ነው። ጉርሻዬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ ጎረስኩት።

ማክሰኞ

ሥራ። የምሠራው ፒያሳ አንድ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። የሐኪም ወረቀት ተቀብዬ ሌንስ አዛለሁ፣ ፍሬም አስመርጣለሁ። ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን ሲሸነግል ቀኑን ሙሉ አያለሁ። ግማሹ ግጥሜ የመጣው ከዚህ ነው።

«ፊደሉ ደብዝዞ ሲርቅ ከዐይኔ ሥር፣
አንተ ግን ትነበባለህ ያለ መነጽር።»

ይህን በሥራ ሰዓት ነው የጻፍኩት። ሳሚ ሲሰማው «አለቃሽ ይህን ከሰማ ትባረሪያለሽ፣ ገበያውን እየዘጋሽበት ነው» አለኝ።

አልበምሽ ስለ ምንድን ነው ሲሉኝ አጭር መልስ የለኝም። ጌታን ካገኘሁ ወዲህ ሁሉ ነገር አማረልኝ የሚል መዝሙር ሞልቷል። እኔ ካገኘሁትም በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜአለሁ፣ ኪራይ ጨምሮብኛል፣ እናቴ ወራት ሙሉ አኩርፋኛለች። እምነት ለእኔ ያን ሁሉ ተሸክሞ እጁን አለመልቀቅ ነው። በዜማ ሞከርኩት፤ ዜማው አሳምሮ አሳምሮ ሌላ ነገር አደረገው። በራፕ ሲሆን ቃሉ ሳይኳኳል ይቆማል።

እማዬ ስለ ራፕ ያላት አስተያየት አንድ ብቻ ነው፦ «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ የታክሲ ረዳት?» ያም ሆኖ ሽሮ ስታማስል አንዱን ትራክ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትከተለው አይቻታለሁ። አየሁሽ አላልኳትም።

የፊታችን እሑድ የአልበሙ ምረቃ በጸሎት ቤታችን አዳራሽ ነው። አዳራሹ እንዲፈቀድ የመዝሙር ኮሚቴው አልበሙን ቀድሞ መስማት አለበት። ደንቡ ለሁሉም ነው፤ ለራፕ ግን ጠበቅ ይላል። ሰብሳቢው ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር፣ ዛሬም ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው የማይጠፋ። ግጥሞቼን ሲያዩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ቀስ በይ፣ ጌታ አይቸኩልም» ብለው ጻፉበት። ሌላውን አለፉት። ዛሬ መግቢያው ያለበትን ሙሉውን ላክሁላቸው።

የሚያሳስበኝ፦ የአዳራሹ ስፒከር ይጮኻል። ሦስተኛው ትራክ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። እማዬ ስልክ ይዛ ሰው እየጠራች ነው።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይብሳል። የኖርንበት ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን በየኮንዶሚኒየሙ ተበተኑ፤ እኛ አምስት ኪሎ ተከራየን። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሰው የምትሰበስብበት ምክንያት አጥታ ነበር። አሁን አግኝታለች። «ልጄ መዝሙር አውጥታ፣ እኔም አለሁበት» ስትል ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሷ ከሰማሁ ቆይቷል።

ረቡዕ

ኮሚቴው ከሥራ በኋላ ጠራኝ። በፔርሙስ ሻይ ነበር፣ ዳቦ ነበር። ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር።

ናሆም ጀመረ። የኳየር መሪ ነው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፣ በጠባዩ ግን ከሁሉም ይሸመግላል። «መግቢያው ይውጣ» አለ። «በዚህ አዳራሽ በማርያም ስም ምርቃት አይሰማም። የሚመጡት አዲስ አማኞች ምን ይላሉ?»

ጋሽ ተፈራ ሻያቸውን ጨረሱ። «እናቲቱ የተናገሩት የእምነታቸውን ነው» አሉ። «የሰማ ሁሉ ኦርቶዶክስ እናት መሆናቸውን ያውቃል። እሳቸውን ማረም የእኛ ሥራ አይደለም።»

ተነፈስኩ። ቶሎ ነው የተነፈስኩት።

«እኔን የከበደኝ አሜኑ ነው። እሱ ያንቺ ነው። አሜን ማለት ይሁን ማለት ነው። ይህ አልበም የእምነቴ ምስክር ነው ብለሽ ለኮሚቴው ጽፈሻል። ታዲያ የቱን እንያዝ?»

የነበረኝ ማብራሪያ ብቻ ነው። ምርቃት ያለ አሜን እንደማይሆን፣ እማዬ እንቢ እንዳለች፣ እንዴት ጎንበስ ብዬ እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዲቱ እኅት ሳቀች፤ የእሷም እናት እንዲሁ ናቸው መሰለኝ። ናሆም አልሳቀም። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚፈራው ነገር አለው። እኔም ጴንጤ በሆንኩ ሰሞን እንደሱ ነበርኩ፤ እማዬ ጠበል በነካው ዕቃ ውሃ ስታቀርብልኝ አልጠጣም እል ነበር።

ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ሰጡኝ። ወይ የእመቤቴ መስመር ይውጣ፣ ወይ የእኔ አሜን ይውጣ። ካልሆነ አዳራሹ አይፈቀድም።

«ከእናቴ አፍ ቃል አልቆርጥም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከረረ።

«እንግዲያው ከራስሽ ቁረጪ» አሉ ጋሽ ተፈራ። ለስለስ አድርገው ነው ያሉት። እሺ አልኩ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስከራከር ነበር። ወደ ማርያም አልጸልይም። ይህን ሳመዛዝን ኖሬ የደረስኩበት ነው፤ ማንም ገፍቶ አላስገባኝም። ለእማዬ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አሜን ስላት ነው የኖርኩት። ታዲያ ሰኞ ዕለት አሜን ያልኩት ለቃሉ ነው ወይስ ለእሷ? ለእሷ ነው አልኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ይህም ማምለጫ መስሎ ታየኝ። ቤት ስገባ እማዬ «ምነው ፊትሽ?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ሐሙስ

ፈቃድ ጠይቄ ጠዋት ስቱዲዮ ሄድኩ።

ሳሚ ሲሰማ ወንበሩን አዙሮ አየኝ። «አቦ የናንተ ነገር። ሌላው አርቲስት ስድቤን ቁረጥልኝ ብሎ ይመጣል፣ አንቺ አሜኔን ቁረጥልኝ ትያለሽ።»

«ይቻላል ወይ?»

«ምን የማይቻል ነገር አለ። ጥያቄው ያምራል ወይ ነው።»

ቆረጠው። አንድ ጊዜ ጫን አደረገና ጠፋ። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ደስ አላለኝም። ከዚያ የሚቀጥለውን ምርቃት ወደፊት ስቦ ክፍተቱን ዘጋው። ሰማነው። እማዬ እመቤቴን ጠርታ ሳትተነፍስ ወደ ወልደሽ ለመሳም ገባች። ሳሚ «እማማ ራፐር ወጣቸው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ግን ያ ሰው እማዬ አይደለችም። እማዬ ስትመርቅ አትቸኩልም።

ክፍተቱን መልሶ ከፈተው። አሁን በሌላው ቦታ ሁሉ የእኔ አሜን አለ፤ እዚያች ላይ ስትደርስ ዝም ይላል። ጥርስ የወለቀበት ቦታ ይመስላል። ድምፁን ከፍ አድርገን ስንሰማው በዝምታው ውስጥ ትንፋሿ አለ። ሰኞ ዕለት ወዲያው አሜን ብያታለሁ፤ ምንም አልጠበቀችም። አሁን ግን የምትጠብቅ ትመስላለች።

«እማማ ይሄን ይሰማሉ?» አለ ሳሚ።

«እሑድ ትመጣለች።»

«ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

ሳሚ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ሳሚ ካልቀለደ ነገሩ ጥሩ አይደለም።

ለኮሚቴው ላክሁት። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ «ተፈቅዷል፤ ጌታ ይባርክሽ» ብለው መለሱልኝ። አዳራሹን አገኘሁ። ስንት ጊዜ የጸለይኩበት ነገር ነው። አንድ ደንበኛ ፍሬም እየሞከረች ነበርና «ያምርብኛል?» ስትለኝ ሳላይ አዎ አልኳት።

ዓርብ

እማዬን ላስቀራት ሞከርኩ። ሙከራው ራሱ አሳፋሪ ስለሆነ ባጭሩ እጽፈዋለሁ።

«እሑድ ሰው ይበዛል» አልኳት።

«ሰው ካልበዛ ምኑን ምረቃ ሆነ?»

«ድምፁ ይረብሽሻል።»

«የታክሲ ረዳት ለምጃለሁ።»

«ያንቺ ጎረቤቶች እዚያ መቀመጥ ይከብዳቸው ይሆናል።»

ይህን ጊዜ በርበሬ መልቀሟን አቆመች። የምትኖረው ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ለሰው በመሸጥ ነው፤ እጇ ሥራ ከፈታ ነገሩ ከብዷል ማለት ነው። «አፈርሽብኝ እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም አልኳት። እውነቴን ነው፤ በሌላ ነው ያፈርኩት። እዚያው ብነግራት ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። የሃይማኖቱ ክርክር ከቀዘቀዘ ስንት ጊዜው ነው። እሷ ስትጾም አብሬ የጾም እበላለሁ፤ እኔ እሑድ አርፍጄ ከአምልኮ ስመለስ ምሳዬን ከድና ታቆይልኛለች። ማናችንም ስምምነት አልፈረምንም፤ እንዲሁ ሆነ። ላንቺ ያልኩትን አሜን አስቆረጡኝ ካልኳት ያ ሁሉ የሚፈርስ መሰለኝ።

እማዬ «ምርቃቴ አለ አይደል?» አለች።

«አለ።»

«ሙሉው?»

«ያንቺ ሙሉው አለ።»

በርበሬዋን መልቀም ቀጠለች። መልሴ ውሸት አልነበረም። እንደ እውነት ግን አልቀለለኝም።

ቅዳሜ

ከሥራ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ልምምድ። ስፒከሩ አሁንም ይጮኻል። ሳሚ ገመድ ሲነቃቅል፣ ሲሰካ ቆየና አንድ ጊዜ ዝም አሰኘው። ይህ የዛሬ ድሌ ነው። ሦስተኛውን ትራክ ትንፋሽ ሳያጥረኝ ጨረስኩ። ይህም ሌላ ድል ነው።

መግቢያውን በትልቁ ስፒከር ስንሰማው ክፍተቱ ሰፋ። ባዶ አዳራሽ ዝምታን ያጎላል። ሳሚ «ቢያንስ ሥሩ ሙዚቃ ላስገባበት?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን። መሸፋፈኑ ሰለቸኝ።

ጋሽ ተፈራ ወንበር ሲደረድሩ ነበር። ይህን ወጣቶቹ ሊሠሩት ይችላሉ፤ እሳቸው ግን የወንበር መስመር ሲጣመም አይወዱም። ሲሰሙ ቆዩና መጥተው የመጀመሪያው መደዳ ላይ ተቀመጡ።

«እናትሽ ነገ ይመጣሉ?»

«ትመጣለች።»

«እኔ ጌታን ስቀበል እንዳንቺ ወጣት ነበርኩ» አሉ። «እናቴ በዓመት በዓል ሁላችንንም ተራ በተራ ታስጎነብስና ትመርቀን ነበር። እኔ ጋ ስትደርስ ታልፈኝ ጀመር። ክፋት አይደለም። ማርያምን ከጠራሽ አሜን አልልሽም ብዬ አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። አክብራኝ ነው የምታልፈኝ።»

እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እስክትሞት» አሉ። ተነሥተው የተጣመመውን ወንበር አቃኑ።

ይህን ለምን እንደነገሩኝ አላውቅም። ቁረጪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ መልሺው ደግሞ አላሉኝም። ንግግራቸው ውስጥ ምክር ፈለግሁ፣ አላገኘሁም። የሆነባቸውን ነው የነገሩኝ። አዘንኩላቸው፤ ተናደድኩባቸውም።

እሑድ

እማዬ ከሦስት የድሮ ጎረቤቶቿ ጋር መጣች። ሁሉም ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። አስተናጋጁ ደነገጠና «እማማ፣ እዚህ አይወለቅም» አላቸው።

«እናንተ አታውልቁ» አለችው እማዬ። «እኛ ለእግዚአብሔር ነው።» ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገብተው ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀመጡ፤ ከፊታቸው ናሆምና ጋሽ ተፈራ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኔ ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ፤ ማይክ በእጄ። ሳሚ አየኝ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ጀመረ።

«መንገድሽን ያቅናልሽ» አለ የእማዬ ድምፅ። የተቀዳው የእኔ አሜን ተከተለ። አዳራሹም «አሜን» አለ።

ይህን አላሰብኩትም። ኮሚቴው አላሰበውም፣ ሳሚም አላሰበውም። የእኛ ሰው ከመድረክ ምርቃት ሰምቶ ዝም አይልም፤ «ጌታ ይባርካችሁ» ሲሉት አሜን፣ «መብራት መጥቷል» ሲሉት አሜን ነው። ሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። አሜን። ከክፉ ዐይን ይሰውርሽ። አሜን፤ ከፊተኛው ከፍ ብሎ። የተናገርሽው ይሰማልሽ። አሜን፤ አንዳንዱ እጁን አነሣ። የማቆሚያው ጊዜ አልፏል። መጋረጃውን ጨበጥኩ።

«እመቤቴ በኪዳኗ ትጠብቅሽ።»

የእኔ ድምፅ እዚያ አልነበረም። የእነሱ ግን ነበረ። አዳራሹ በሙሉ በአንድ አፍ «አሜን» አለ፤ እኛ በከፈትነው ባዶ ቦታ ላይ ልክ ገባ። የእኔ አሜን ቢኖር ኖሮ ይህን ያህል ጎልቶ አይሰማም ነበር።

ከዚያ አንዳንዱ ምን እንዳለ ገባው። ወንበሮች ሲጥ ሲጥ አሉ፣ አንድ ሁለት ሰው ተያየ። ናሆም ዘወር ብሎ ሕዝቡን ቃኘ፤ ማንን እንደሚገሥጽ ጠፋው። ከአጠገቡ ጋሽ ተፈራ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው ነበር። አፋቸው ሲዘጋ ነው ያየሁት። አሜን ብለዋል።

እማዬ ግን በስፒከሩ ውስጥ «ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ከሁሉም የበለጠውን አሜን አለ። ቢቱ ገባ። እኔ አልገባሁም። እየሳቅሁ ነበር፣ ዐይኔም እርጥብ ነበር። ሳሚ ምንም እንዳልተፈጠረ መልሶ አዞረው፤ በሁለተኛው ገባሁ።

የቀረው እንዳሰብኩት ሄደ፣ ከሦስተኛው ትራክ በቀር። ትንፋሽ አጠረኝ። ሕዝቡ ጨረሰልኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ናት የጀመረችው። «አንድ ቦታ ላይ ያንቺ አሜን ጠፋ» አለች።

«አዎ።»

«እነሱ አስወጡት?»

«እሺ ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።»

ክንዴን ይዛ መንገድ አሻገረችኝ፤ ማን ማንን እንደሚያሻግር ሁልጊዜ እንደተጣላን ነው። «ሕዝቡ ብሎልሻል» አለች። «ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግን ሕዝብ እንደ ልጅ አይሆንም።»

 ቤት ስንገባ ቀድማኝ ተኛች።

ሰኞ

ናሆም አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቷል። ነገ ከሥራ በኋላ። አልበሙ በጸሎት ቤቱ ስም እንዳይሠራጭ ሐሳብ አቅርቧል። መልእክቱ የደረሰኝ የአንድ ሽማግሌ የንባብ መነጽር እያስተካከልኩ ሳለ ነው። ብሎኑን አጥብቄ ጨረስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ መነጽር ቤቱ መጡ። ከዚህ በፊት መጥተው አያውቁም። አንድ ፍሬም አንሥተው አዩ፣ አስቀመጡ፣ ሌላ አነሡ።

«ስለ ነገው ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ናሆም ያ አሜን እንዴት እንደተባለ ይመርመር ብሏል። ትክክል ነው፣ መመርመር አለበት።» ፍሬሙን አስቀመጡ። «እኔም ብያለሁ። መጀመሪያ እኔን ይጠይቁኝ ብዬዋለሁ።»

 «ሳያስቡት ነው» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «የመጀመሪያዎቹን ሳላስብ ነው ያልኩት። ያንን አሜን ግን ሰምቼ፣ አስቤ ነው ያልኩት። እምነቴ አልተለወጠም። ነገም ይህንኑ እላለሁ። እናት መርቃ ስትጠብቅ ግን ሁለተኛ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ደንበኛ ገባ። እሳቸው ሰላምታ ሰጥተውኝ ወጡ፤ ፍሬም አልገዙም።

ለሳሚ ደወልኩ። የተቆረጠውን አስቀምጦት እንደሆነ ጠየቅሁት። «እኔ ምንም አልጥልም» አለኝ። መልሰው አልኩት። በአልበሙ የሚወጣው ሙሉው ይሁን፤ አዳራሽ ካለ በአዳራሽ፣ ከሌለ ያለ አዳራሽ። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም። ነገ ሲጠይቁኝ ቃሉን ነው ወይስ እናትሽን ይሉኛል፤ ዛሬም አጥርቼ አልመልስም። ጌታ እንደማይተወኝ ግን አምናለሁ፤ አልበሙ ሙሉውን የሚለው ይህንኑ ነው።

እማዬ ጠዋት ሥራ ስወጣ ሁልጊዜ በር ላይ ትመርቀኛለች። ዛሬ አልመረቀችኝም፤ «ደህና ዋይ» ብቻ ነው ያለችኝ። አክብራኝ እንዳታልፈኝ ፈራሁ። ነገ ጠዋት በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ እቆማለሁ፤ እስክትመርቀኝ አልሄድም። ሥራ ቢረፍድብኝም ይርፈድ።